ያልቀመሰችው ጥንቸል

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ተኽኣ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ከሥራ መልስ ግማሹን እያንቀላፋሁ። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ስለሆነ አማርኛዬ እዚህም እዚያም ቢያነክስ አትፍረዱብኝ። የከተማችንን ሰዎች ታሪክ የሚሰበስብ አንድ ደንበኛዬ "ያየኸውን ጻፍ፣ ስለማንም ይሁን" ቢለኝ ብዙ ጊዜ አፈርኩ። ትልቅ ሰው አላውቅም። ደህና አድርጌ የማውቀው ሚስቴን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ብትችል ኖሮ አልደፍርም ነበር።

ስሟ ኣብርሄት ነው። ከደቀምሐረ ወዲያ ካለ መንደር ወደ አስመራ የመጣችው ልጅ እግር ሳለች ነው፤ መጥታም ጣልያኖች ቤት ሥራ ገባች። ጣልያን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እነዚያ የሲቺሊያ ሰዎች ነበሩ። ሲቺሊያ ከጣልያን አገር እግር ሥር፣ በባሕር መሀል የተቀመጠች ደሴት ናት። የዚያች ደሴት ሰዎች ወጥ ሲሠሩ አቼቶና ስኳር አንድ ድስት ውስጥ ይጨምራሉ። ኣብርሄት ይህን መጀመሪያ ስታይ ሴትዮዋ የተሳሳተች መስሏት ስኳሩን ደብቃባት ነበር ይባላል። "ይባላል" ያልኩት እሷ ስለማታምን ነው።

የቤቱ አሮጊት በእንጨት ማንኪያ እጇን እየመታች አስተማረቻት። ከሁሉ የታወቀላት ጥንቸል ነው፤ በአቼቶ፣ በስኳር፣ ሴዳኖ በሚሉት ሽታ ባለው ቅጠል፣ በዘቢብና በወይራ ፍሬ የሚሠራ ጥንቸል። እሑድ እሑድ ለዚያ ጥንቸል ብለው ከሌላ ቤት የሚመጡ ጣልያኖች ነበሩ።

ታዲያ ኣብርሄት ያን ጥንቸል አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው አታውቅም። በእኛ በተዋሕዶዎች ዘንድ ጥንቸል አይበላም። በእጇ ትነካለች፣ ትገነጥላለች፣ ታጥባለች፣ ወደ አፏ ግን አይደርስም። መድረሱን በምን ታውቂያለሽ ስላት አፍንጫዋን ትነካለች። አቼቶው መጀመሪያ ይነክሳል፤ ቆይቶ ይለዝባል፤ ከዚያ ከሥሩ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ያለ ሽታ ይነሣል፤ ያኔ ድስቱን ማውረድ ነው። አሮጊቷም ይህን ታውቅ ነበርና አንድም ቀን ቅመሺ ብላት አታውቅም።

በዚያው ቤት ዕቃ የምታጥብ ጽገ የምትባል ልጅ ነበረች። ሽንኩርት መክተፍ ያስተማረቻት፣ ቢላዋ አያያዝ ያሳየቻት ኣብርሄት ናት።

ቀን ሲከፋ ጣልያኖቹ ቤቱን ዘግተው ሄዱ። ኣብርሄት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለሠራተኞች ሾርባ ስትሠራ ቆየች፤ ያም ተዘጋ። ከዚያ መደበር በሚባለው የእጅ ሥራ ገበያ ገባች፣ በርበሬ ወፍጮ ቤት። መደበር ውስጥ አንዱ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ጫማ ያደርጋል፣ ሚስቴ ደግሞ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ታመላልሳለች፣ የተፈጨውን ትነፋለች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትሄዳለች፤ ግን ብናኙ በነጠላ አይመለስም። ልብሷ፣ ጸጉሯ፣ ትራሳችን ሁሉ በርበሬ ነው። ላቀች የምትባለው ጎረቤታችን "የእናንተ ቤት ፍቅር በማስነጠስ ነው የሚታወቀው" ትለናለች። እንስቃለን። ኣብርሄት ማታ ስትተነፍስ ግን ደረቷ ያፏጫል። ያንን ማንም አይስቅበትም።

ነጻነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት ነው እንግዲህ ሲኞራ ኣጋታ የመጣችው።

እኔ የሰው ማኪና ነው የምነዳው፤ ሰይቸንቶ የምንላት ትንሽ አሮጌ ማኪና። ሲኞራዋ ፌርማታ አጠገብ አገኘችኝና ጣልያንኛ ትችላለህ ወይ አለችኝ። የሹፌር ጣልያንኛ እችላለሁ አልኳት። ሳቀችና ገባች። ጉልበቷ ከፊት ተጣጥፎ ለመቀመጥ እየተቸገረች፣ ምን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አባቷ እዚህ አስመራ የኖረ የሲቺሊያ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ አንድ የአገሩ ሰዎች ቤት እየሄደ ጥንቸል ይበላ ነበር። ደሴቷ ላይ እሷም እንዲህ ያለች ትንሽ ማኪና አላት፤ አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የአገሩን ምግብ ሲበሉ ኖሩ። አንዱ ከተማ ሰርዲን በእንስላል፣ አንዱ ከተማ የተጠበሰ የሩዝ ኳስ፣ ተራራው ላይ ደግሞ አይብ በማር። በየቦታው አባቷ ይበላና "መልካም ነው፤ የአስመራ ጥንቸል ግን አይደለም" ይላል። እንዲህ እንዳለ ሞተ።

"ደሴቲቱን በማኪና ዞሬ ጨረስኳት" አለችኝ። "የቀረኝ እዚህ ያለው ነው።"

አሁን እዚሁ አስመራ የደሴቷን ምግብ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ልትከፍት ነው። አንዲት ወጥ ቤት ትፈልጋለች፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ቤቱ ትንሽ ነውና። ስለዚህ የድሮ የጣልያን ቤት ወጥ ቤቶችን በየቤታቸው እየሄደች ልትቀምስ ነው።

ወዲያው ኣብርሄት ታሰበችኝ። ግን "ሚስቴ አለች" ማለት አፈርኩ። ቤት ሄጄ ለኣብርሄት ነገርኳት። እግሯን ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀምጣ ነበር። እግሯን አወጣች፣ አደረቀች።

"ከበርበሬው መውጫዬ ነው" አለች በመጨረሻ። "ዘንድሮ ካልወጣሁ እዚያው ነው የምቀረው፣ ተኽኣ።"

"እነግራታለሁ በቃ።"

"ሚስትህ መሆኔን ግን እንዳትነግራት። የሹፌሩ ሚስት ስለሆነች ነው እንዳይሉኝ። እንደ ማንም ሴት አድርገህ እኔ ዘንድ አምጣት፣ በመጨረሻው ቀን።"

እሺ አልኩ። ደግሞም በእኛ ቤት ድስት ጥንቸል ስለማይሠራ ላቀች ቤት እንዲሆን ተስማማን። ላቀች ካቶሊክ ናት፤ ከረን መነኮሳቱ ዘንድ አድጋ ጥንቸል ሲረባም ሲበላም ያየች ናት። የምትኖረውም ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛው ግቢ ነው፣ በራችን ፊት ለፊት።

ከዚያ ዞርን። አንዷ በመለንዛና፣ በደበርጃን ማለት ነው፣ የተጋገረ ፓስታ አቀረበች፤ ሲኞራዋ በላች፣ አመሰገነች፣ ማኪና ውስጥ ገብታ "የሮማ ነው" አለች። አንድ ሽማግሌ ወጥ ቤት ዓሣ ሠሩ፤ ዓሣው ጥሩ ነበር፣ ሽማግሌው ግን ድስቱን እስኪያወርዱ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተን ሁለታችንም አዘንን። በየቤቱ እኔንም ብላ ይሉኛል። አፍሬ በር ላይ እቆማለሁ። ሞተሯ ትግላለች፣ ውኃ እጨምርባታለሁ፣ ደግሞ እንሄዳለን። ሲኞራዋም እየደከመች መጣች። "ሆዴ ጠገበ፣ ምላሴ ግን ገና ጾሙን ነው" አለችኝ።

ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀን ሐዝሐዝ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን፣ ጽገ ቤት።

ጽገ ወፍራለች፤ ስትስቅ ግቢው ይሰማል። ጥንቸል ነበር የሠራችው። ሲኞራዋ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ እኔ ውኃ ልቀዳ ወደ ማድ ቤቱ ገባሁ። ጽገ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ በማንኪያ ጨለፈች፣ እፍ እፍ አለችበትና ዋጥ አደረገችው። ዐይኗን ጨፈነች። ትንሽ ስኳር ጨመረች፤ ደግሞ ቀመሰች። ቀና ስትል አየችኝ።

"ምን ታፈጣለህ? አፉ የኔ ነው" አለችኝ።

"ምንም አላልኩም።"

"ዐውቃለሁ፣ ኣብርሄት አትቀምስም። እሷ የመልአክ አፍንጫ አላት። እኔ የተሰጠኝ ምላስ ነው፤ ለንስሓ አባቴም ነግሬያለሁ፣ ቀኖናዬን ሰጥተውኛል፣ ሰግጃለሁ። በል ውኃህን ቅዳ።"

ሲኞራዋ በላች። አላመሰገነችም። ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ጨረሰችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ማኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ "ነገ የመጨረሻዋ ናት፣ አይደል?" አለች። እወ አልኳት፤ ሞተሯን አስነሣሁ።

ማምሻውን ኣብርሄት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ጽገ ምን ሠራች?"

"ጥንቸል።"

"ቀመሰች?"

"ቀመሰች።"

ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣፋች። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ቀስ ብላ "እኔ አይሸተኝም፣ ተኽኣ" አለች።

"ምኑ?"

"ምንም ነገር። ከክረምት ጀምሮ። ወተት ሲያር አልሸተተኝም፣ ላቀች ናት ከግቢ የጮኸችው። በርበሬው ወሰደው።"

አንድ አልጋ ላይ እየተኛሁ፣ አንድ ትሪ ላይ እየበላሁ አላወቅኩም። "እንግዲያው ቅመሺ" አልኳት። "አንዴ ነው። ጽገም ቀኖና ተቀብላለች። ቀምሰሽ ትፊዋለሽ።"

"አይሆንም።"

"እግዜር ለእንጀራ ብሎ ይቅር ይላል።"

"ይላል። እሱ ይላል" አለች። "እኔ ነኝ የማልለው። ሞልቶ በተረፈበት ቤት ያን ያህል ዘመን ሳይከፈት የኖረ አፍ፣ ዛሬ ስለቸገረኝ ልክፈተው? ተወኝ። ላቀች ትቅመስልኝ።"

በነጋታው ጠዋት ላቀች ቤት ፎርኔሎው ተለኮሰ። ሲኞራዋን የማመጣት ቀትር ላይ ስለነበረ እኔ በር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። የኣብርሄት እጅ ሥራውን አልረሳም። ጥንቸሉን ገነጠለች፣ ዱቄት አስነካች፣ በዘይት አገላብጣ ጠበሰች። ሽንኩርቱ ቀላ፣ ሴዳኖው ገባ፣ ዘቢቡም ገባ። አቼቶው ሲጨመር ተነነና ቤቱን ሞላው፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ዐይኔ አለቀሰ። እሷ ድስቱ ላይ ፊቷን አቅርባ ሳበች፣ እንደገና ሳበች። ቀና አለች።

"ላቀች፣ ሓፍተይ፣ ነይ እስቲ" አለች፤ እኅቴ ማለቷ ነው።

ላቀች ጨለፈች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ ምንድን ነው? ከረሜላ ወጥ? ሕፃን ነው እንዴ የምትመግቢው?"

"ስኳሩ መኖር አለበት። እሱን ተይው። አቼቶው ከፊት ይመጣል ወይስ ከኋላ?"

"ከፊት ማለት?"

"መጀመሪያ የሚነካሽ እሱ ነው? ወይስ ከጣፈጠሽ በኋላ ነው የሚመጣው?"

ላቀች ደግማ ቀመሰችና አሰበች። "ከጎን ነው የሚመጣው።"

"ላቀች!"

"ምን ላድርግ! ከጎን ነው፣ ይኸው እዚህ ጋ፣ መንጋጋዬን ነው የሚይዘው። አንቺ ጨርሶ ቀምሰሽው የማታውቂውን ምግብ እኔ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

ኣብርሄት ሳቀች፤ የግዷን ነው። "እንደ ተጠበሰ ዳቦ ነገር አለው?"

"ዳቦ አልገባበትም እኮ።"

"አውቃለሁ አልገባበትም።"

"እንግዲያ የለም። ስሚኝ፣ ስኳሩ በዝቶ በጣም ነው የጣፈጠ። ሰው ፊት አይቀርብም። መንግሥተ ሰማያት እንጂ ወጥ እንዲህ አይጣፍጥም።"

ኣብርሄት የአቼቶውን ጠርሙስ አንሥታ ቆመች። ወደኔ አየች። እኔ ምን አውቃለሁ? ጥንቸል ቀምሼ የማላውቅ፣ አቼቶ በሰላጣ ላይ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ። ትከሻዬን አነሣሁ። ምናለ "አትጨምሪ" ብል ኖሮ፤ ግን እሱንም የምለው አሁን ነው። ላቀች ናት ምላስ ያላት፤ ላቀችን አመነች። አንዴ አንቆረቆረች፣ ላቀች ቀመሰች፤ "ገና ነው" አለች። ደግማ አንቆረቆረች። ላቀች ከንፈሯን መጠጠችና "አሁን ሰው የሚበላው ሆነ!" አለች።

ሲኞራዋን ይዤ ስመጣ ኣብርሄት ነጭ ሽርጥ አድርጋ ቆማ ነበር። የማላውቃት መምሰል ነበረብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ወይዘሮ ኣብርሄት፣ እንግዳዋን አምጥቻለሁ፤ እርስዎ ከተዘጋጁ..." አልኩ።

ላቀች አፏን በመዳፏ ያዘች፣ አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። "እርስዎ! ሚስቱን እርስዎ አላት! ተኽኣ፣ ማታም እንዲህ ነው የምትላት?" ጮክ ብላ በትግርኛ ነው ያለችው፤ ሲኞራዋ ትግርኛ አትችልም፣ ግን የኔን ፊት አየች፣ የኣብርሄትንም ፊት አየች። ፈገግ አለችና ተቀመጠች።

ኣብርሄት በራሷ እጅ አቀረበች። ሲኞራዋ የመጀመሪያውን ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠች። ሁለተኛውን ቆረሰች፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ለቀቀ፤ "እጅሽ ትልቅ እጅ ነው" አለቻት በጣልያንኛ። ሦስተኛውን አነሣች፣ ውኃ ጠጣችበት። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠች። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው አለች። ኣብርሄት የምታየው ፊቷን አልነበረም፤ ሳህኑን ነበር። ሳህኑ ላይ ገና ብዙ ነበረ።

ሲኞራዋን ይዤ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ከወረድን በኋላ "ሚስትህ ናት" አለች።

"እወ፣ ሲኞራ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳልነግርሽ አለችኝ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። "እጇ የዚያ ቤት እጅ ነው። ሥጋውን እንዲህ የሚሠራ ሰው ደሴቷም ላይ አላገኘሁም። ግን አቼቶው... ሌላው ሁሉ ጠፍቷል። የሐዝሐዟን ሴት ነው የምወስደው። ንገርልኝ። አዝናለሁ፣ ሲኞር ተኽኣ።"

ከዚያ በፊት ሲኞር ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ደስ ሊለኝ የሚገባ ቀን አልነበረም።

ማኪናውን ከግቢ ውጭ አቁሜ ቶሎ አልገባሁም። ሞተሯ እስክትበርድ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ስገባ ኣብርሄት የላቀችን ድስት በአመድ እያሸች ነበር።

"አቼቶው በዛ፣ አይደል?" አለች ቀና ሳትል።

"በዛ።"

"ጽገ ናት?"

"ጽገ ናት።"

ላቀች ደረቷን መታች። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት! ይህን ምላስ ውሻ ይብላው!"

"ዝም በይ፣ ላቀች። አንቺ የጣፈጠሽን ነው የተናገርሽ። ያልሸተተኝ እኔ ነኝ።"

ንዴት ያዘኝ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ ቅርብ የመጣልኝ ስም ግን የጽገ ነበር። "ያስተማርሻት አንቺ፣ ጥንቸሉ ያንቺ፤ እሷ በማንኪያ እየዛቀች በልታ ቦታሽን ወሰደችው" አልኩ።

ኣብርሄት ድስቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። "የማንንም አልወሰደችም። እሷ በምላሷ ከፍላለች፣ እኔ በምላሴ አልከፈልኩም። በቃ። ወገቤን አመመኝ፣ ልተኛ።" ራት አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እኔ ደረቷ ሲያፏጭ እየሰማሁ ቆየሁ። ነገ ደግሞ ያው መደበር፣ ያው በርበሬ እያልኩ አነጋሁት።

በነጋታው ግን ወደ መደበር አልሄደችም። ፊቷን ታጠበች፣ ንጹሕ ቀሚስ ለበሰች፣ የበርበሬውን ነጠላ ትታ ሌላ አደረገች። "ሐዝሐዝ አድርሰኝ" አለችኝ። ልትጣላ መስሎኝ ፈራሁ፤ ግን ማኪናዋን አስነሥቼ ወሰድኳት።

ጽገ በሩን ከፍታ ስታያት ደነገጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ኣብርሄት... ሓፍተይ... እኔ እኮ ሲኞራዋ ማታ መጥታ እስክትነግረኝ አንቺ እንደነበርሽበት አላወቅኩም። በማርያም አላወቅኩም" አለች።

"ዐውቃለሁ። ልጣላሽ አልመጣሁም። ብቻሽን ያን ሁሉ ድስት አትችይውም።"

"አልችለውም።"

"መገንጠሉን፣ መክተፉን፣ መጥበሱን እኔ እሠራለሁ። እጄ ደኅና ነው። መቅመሱን አንቺ። ለሲኞራዋ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፤ እሺ ካለች አለች፣ እምቢ ካለች ወደ በርበሬዬ እመለሳለሁ።"

ሁልጊዜ የምትስቀው ጽገ አልሳቀችም። "አንቺ በኔ ሥር?" አለች። "ቢላዋ አያያዝ ያሳየሽኝ አንቺ?"

"በሥርሽም ይሁን ባጠገብሽ፣ ጉልበቴ ቆሞ አይከራከርም። ወንበር አምጪልኝ።"

ጽገ ወንበሩን ራሷ አመጣች። ኣብርሄት ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከመሶቡ አጠገብ የተከመረውን ሴዳኖ ወደ ጭኗ ስባ መክተፍ ጀመረች።